የቡናው ተራ ለእሷም ይድረሳት

ሰብለ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምትሰሙን ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰብለ ነኝ። ዛሬ የምንቀዳው አራት ኪሎ፣ አንዲት ጓደኛችን ቤት ቁጭ ብለን ነው። የታክሲ ረዳት ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱ መንገድ ላይ ነው።

ዳዊት፦ ዳዊት ነኝ። ጀበናውም ከሰል ላይ ነው፤ በየመሀሉ ሲንተከተክ ትሰሙት ይሆናል። ዛሬ ስለ ስደተኞችና ስለ ሰፈር ሰው ነው የምናወራው። ማለቴ እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሳይተዋወቁ ስለሚከርሙ ሰዎች። ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ ነሽና ጀምሪው።

ሰብለ፦ እሺ። እኔ የምኖረው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፣ አምስት ቤት ያለው ግቢ ውስጥ። ሱዳን ላይ ጦርነቱ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 አይደል? ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሰርቪስ ቤቷን አንድ የካርቱም ቤተሰብ ተከራያት። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች። እኛ ግቢ ደግሞ ቡና በተራ ነው። ሰኞ የአንዷ፣ ማክሰኞ የሌላዋ፤ ባለተራዋ ቡናውንም ከሰሉንም ትችላለች፣ ሌሎቻችን ስኒ ይዘን መሄድ ነው። የቡና ኪሎ ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ተራ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ዳዊት፦ እና ጠራችኋት?

ሰብለ፦ ጠራናት እንጂ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ትመጣለች፣ በር አጠገብ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አቦሉን ትጠጣለች፣ "ሹክረን" ብላ ትሄዳለች። ቶና አትጠብቅም። ሦስት ወር እንደዚህ ሄደ ስልህ። እኛም ዓይን አፋር ናት ብለን ተውናት። ለካ ነገሩ ሌላ ነው።

ዳዊት፦ ምን ነበር?

ሰብለ፦ ተራ አልሰጠናትም። ማንም በክፋት አይደለም፣ ኧረ በደግነት ነው። "ስደተኛ ናት፣ ሦስት ልጅ አላት፣ ምን አስቸገራት" ተባብለን ዘለልናት። እሷ ግን በየቀኑ የሰው ቡና እየጠጣች መመለስ ከብዷታል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ትሪ ይዛ ቆማለች። ትሪው ላይ ትንንሽ ስኒዎች፣ አንድ ሳህን ተምር፣ ቀይ የሸክላ ጀበና፣ የጀበናው አፍ ላይ ቃጫ ተወትፎበታል። እና በአማርኛ "ቡና ጠጡ" አለችኝ። ልጇን ጠይቃ ነው የተማረችው፣ እሱ ትምህርት ቤት ስለሚውል ይቀድማታል። አፏን የፈታችበት የመጀመሪያው አማርኛ "ቡና ጠጡ" ነበር።

ዳዊት፦ እንዴ፣ ይሄን እስካሁን አልነገርሽኝም!

ሰብለ፦ ጀበናውን እነሱም "ጀበና" ነው የሚሉት፣ ታውቃለህ? ቡናው ግን ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ ነው፣ ስኳሩም ብዙ ነው። የግቢያችን ታላቅ፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ አንዴ ፉት አሉና ዝም አሉ። እኔ ፈርቼ ነበር። ከዚያ "ይሄ ለጉንፋን ነው" አሉና ስኒያቸውን ደግመው ዘረጉ። በዚያው ቀን ሐሙስ የእሷ ሆነ። ዛሬ እስከ በረካ ቁጭ ትላለች፤ ስለ ኪራይ ታማርራለች፣ ስለ ውሃ ትጨቃጨቃለች፣ ልክ እንደኛ። በፊት "ሱዳኗ" ነበር የምንላት፣ አሁን በልጇ ስም የእገሌ እናት ነው።

ዳዊት፦ ስሚኝማ፣ ለእኔ የዛሬው ወሬ እምብርት ይሄ ነው። እኛ እንግዳ መቀበል እንችልበታለን። እግር ማጠብ፣ ማጉረስ፣ የተሻለውን ወንበር መልቀቅ። ግን እንግዳ ሆኖ ዓመት መቀመጥ ሰውን ያደክማል። ሰው ጎረቤት የሚሆነው ተራ ሲሰጠው ነው፣ ከእሱም የሆነ ነገር ሲጠበቅ።

ሰብለ፦ በትክክል። ተራዋን ብትዘል የሚቆጣት ሰው መኖር አለበት።

ዳዊት፦ እኔ ደግሞ ይሄንኑ በኳስ አይቼዋለሁ። ጃንሜዳ ቅዳሜ ጠዋት እንጫወታለን፣ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ የሆነ ድርጅት መጣና የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጀ። ባነር ተሰቀለ፣ ሁለት ዓይነት ማሊያ መጣ፤ በአንደኛው ጀርባ "ስደተኞች"፣ በሌላኛው ጀርባ "ነዋሪዎች" ተብሎ ተጽፏል።

ሰብለ፦ አይ!

ዳዊት፦ ሐሳባቸው ጥሩ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን አስቢው፣ ልጆቹን መለያየት ካልፈለግሽ እንዴት ሁለት ቡድን አድርገሽ ታጋጥሚያቸዋለሽ? ሰባ ደቂቃ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ከዚያ ኳሱ ቀርቶ "እናንተ" እና "እኛ" ሆነ። ጁስና ኬክ ተበልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ሁሉም ወደየቤቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኤርትራዎቹም ከሱዳኖቹም አንድም ልጅ አልመጣም።

ሰብለ፦ ታዲያ እንዴት ተመለሱ?

ዳዊት፦ የሰፈራችን አሠልጣኝ ነው የመለሳቸው። ደሞዝ የለው ምን የለው፣ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው። ቤት ለቤት ሄዶ ጠራቸው። ከዚያ ቡድኑን በልደት ወር ከፈለው። ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለደ በአንድ ወገን፣ የቀረው በሌላ። ወሩን ለመቁጠር የሱዳኖቹን የፈረንጅ ወር ወደ እኛ መመለስ ነበረበት፣ እዚያ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተሳቀ። ሌላው ደግሞ ኃላፊነት አከፋፈለ። ኳሱን የሚይዝ አለ፣ ማሊያ የሚያጥብ አለ፣ ሜዳ ቀድሞ የሚይዝ አለ። ከአስመራ የመጣ አንድ ልጅ ኳስ ያዥ ሆነ። ኳሱን ቤቱ ይዞት ስለሚያድር እሱ ካልመጣ ጨዋታ የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረም።

ሰብለ፦ ይሄ ልጅ ስንት ዓመት ሆነው አዲስ አበባ?

ዳዊት፦ ቆይቷል። ብዙዎቹ ኤርትራውያን እኮ ለዓመታት እዚህ የኖሩ ናቸው። በ2002 ከካምፕ ውጪ እንዲኖሩ ሲፈቀድ መጀመሪያ የተፈቀደው ለእነሱ ነው፤ ያኔም ራሱን የሚችል ወይም ዘመድ ወዳጅ የሚያስጠጋው መሆን ነበረበት። ከዚያ በ2011 አዲሱ የስደተኞች አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 1110። የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ መንጃ ፈቃድ የማውጣት፣ ልደትና ጋብቻ የማስመዝገብ መብት ሁሉ እዚያ ላይ አለ። በአህጉራችን ካሉት ሕጎች በጣም ለጋስ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሰብለ፦ አዋጁ አለ፣ ልክ ነህ። መስኮት ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ነው። የግቢያችንን እናት ይዤ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ የስደተኛ መታወቂያውን ገለበጠችው፣ እንደገና ገለበጠችው፣ "ይሄን አናውቀውም" አለች። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ፣ እሱም ስልክ ደወለ፣ ሁለት ሰዓት ቆምን። በመጨረሻ ተከፈተላት። ግን አብሬያት ባልሄድ ኖሮ ትመለስ ነበር፣ እኔ እርግጠኛ ነኝ። አሁን ስደተኞችም ፋይዳ መታወቂያ ማውጣት ስለጀመሩ ይሄ ነገር እየቀለለ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለማንኛውም ሕጉ በሩን ሲከፍት አብሮ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው።

ዳዊት፦ ይሄን ካነሳሽ ሌላውንም ወገን እናንሳ። ዝም ብለን ብናልፈው ሐቅ አይሆንም። የሰፈር ሰው ቅሬታ አለው።

ሰብለ፦ ኪራይ።

ዳዊት፦ ኪራይ! "ዶላር ከውጭ ይላክላቸዋል፣ ቤት አስወደዱብን" ይላል ሰው። ሐሰት ነው ብዬ አልጨርሰውም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው አለ፣ ደላላው ደግሞ አነጋገሩን ሰምቶ ዋጋ ይጨምራል፣ አከራዩም ያንን ዋጋ ይለምዳል። ግን የጨመረው ማን ነው? አንዲት ሦስት ልጅ የያዘች እናት ናት ወይስ ደላላውና አከራዩ? ቤት እኮ ለሁላችንም ነው የጠፋው። የኪራይ አዋጁ በ2016 የወጣው በእነሱ ምክንያት አይደለም።

ሰብለ፦ እሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛም ሰው ተነቅሏል። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ስንት ቤተሰብ ተነሳ? ሃምሳ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው አንዱ አንድ ጥግ፣ ሌላው ሌላ ጥግ ወደቀ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀየሩ። እና እነዚህ ሰዎች ከካርቱም የመጣችውን እናት ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። እትዬ እኮ ካዛንቺስ የነበረችው እህታቸው ከተነሳች በኋላ ነው ያችን ሴትዮ በደንብ ማናገር የጀመሩት። "የቤትሽ በር ምን ዓይነት ነበር?" ብለው ጠየቋት። በሩን። ሌላ ሰው ስለ ጦርነቱ ነው የሚጠይቃት። እሷም ሰማያዊ ብረት መሆኑን፣ ከበሩ ፊት የሎሚ ዛፍ እንደነበረ ነገረቻቸው፤ ልጇ እየተረጎመ።

ዳዊት፦ (ለአፍታ ዝም ይላል) ሌላም አለ። እኛም እኮ እዚያ ነበርን። በረሃብና በደርግ ዘመን ስንቱ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ጥቅምት 2013 ሰሜኑ ላይ ጦርነት ሲነሳ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። ኡም ራኩባ የሚባለው ካምፕ ያኔ በረሃቡ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው፣ በ2013 ደግሞ እንደገና ተከፈተ። የሱዳኗ ገዳሪፍ ላይ በር ከፍቶ ውሃ ያጠጣን ሰው ልጅ ዛሬ ስድስት ኪሎ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሊሆን ይችላል።

ሰብለ፦ ይሄንን ለልጆቻችን መንገር አለብን። ኢትዮጵያ እንግዳ ተቀባይ ናት እያልን ብቻ ካሳደግናቸው እኛ ራሳችን እንግዳ የነበርንበት ቀን ይረሳል።

ዳዊት፦ ከዚህ ሳንርቅ ስለ አርባ ልጆች ላንሳ፣ እዚሁ ሰፈራችን የሆነ ነገር ነው። በ1916 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ነበር። እዚያ የአርመን ገዳም ውስጥ፣ በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ይጫወታሉ። ሰሟቸውና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው፤ እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የሠራው እሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ በኋላ በብሔራዊ ቴአትርና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስንት የእኛን ሙዚቀኛ አስተማረ።

ሰብለ፦ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ አርመን ሰፈር የምንለው...

ዳዊት፦ አዎ፣ እዚያው። እና ልብ በይ፣ እነዚያ ልጆች ሲመጡ የተሰጣቸው ስንዴና ብርድ ልብስ ብቻ አልነበረም። ሥራ ነው የተሰጣቸው። ጥሩንባ ይዘው መጡ፣ የአገሪቱ ባንድ ሆኑ። አንድ ሕዝብ ሰንደቁ ሲሰቀል የሚቆምለት መዝሙር ስደተኛ የሠራው ነበር። ይሄ የሚታመን ነው?

ሰብለ፦ ሁሉም ሰው መዝሙር አይሠራም ግን። ዝም ብሎ መኖር የሚፈልግም አለ፣ እሱም መብቱ ነው። ስደተኛው ተሰጥኦ ካላሳየ አንቀበለውም እንዳይመስል።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ፣ ጥሩ አረምሽኝ። እኔ የምለው ትልቅ ነገር ይሥራ አይደለም። ኳሱን ይያዝ ነው። ሐሙስን ትያዝ ነው።

ሰብለ፦ እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ ተስማምተናል። ሌላ የሚሠራ ነገር ካየህ ንገረን፣ አንድ ነገር ማዘጋጀት የሚፈልጉ አድማጮች አሉን።

ዳዊት፦ ቋንቋ። እዚህ አካባቢ አንድ የዓረብኛ አስተማሪ የነበረ ሰው አለ፣ ከኦምዱርማን። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ወረፋ የያዙ ስንት ሴት ልጆች አሉ፤ አንድ ቃል ሳይችሉ ነው የሚሄዱት። "ራሴን አመመኝ" ማለት፣ "ፓስፖርቴን ስጠኝ" ማለት አይችሉም። አሁን እሑድ እሑድ እሱ ዓረብኛ ያስተምራቸዋል፣ እነሱ ለልጆቹና ለሚስቱ አማርኛ ያስተምራሉ። ገንዘብ የለም። አንድ ሰዓት ለአንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ፣ ባለፈው ስሄድ ወንበር ጠፍቶ በጀሪካን ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ሰብለ፦ የሚያስፈልጋቸው ነገር አንዱ ሌላው ጋ ነበር ማለት ነው።

ዳዊት፦ አዎ። ተለቅ ያለ ቦታ የሚፈልግ ደግሞ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት የሚያካሂደው ማዕከል አለ፤ ለብዙ ዓመታት ቋንቋ፣ ኮምፒውተር፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት ሲሰጥ ኖሯል። ቤተ መጻሕፍት ከሆነ አብርሆት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ግን ቦታው ዋናው አይደለም እላለሁ። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። ሰኔ 13 የዓለም የስደተኞች ቀን ሲደርስ አዳራሽ ይሞላል፣ ሰኔ 14 ማንም የለም። እንዲህ ያለ ዝግጅት አይጠቅምም አልልም፣ ግን ሰው በአንድ ቀን አይለመድም።

ሰብለ፦ አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እድር።

ዳዊት፦ ስትነግሪኝ የነበረው?

ሰብለ፦ አዎ። ባለፈው የግቢያችን አንድ አዛውንት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸት ስንሰማ መጀመሪያ ከቤት የወጣው የሱዳኑ አባት ነው። ጠዋት ድንኳን ሲተከል ገመድ ይዞ፣ አግዳሚ ወንበር ሲመጣ ተሸክሞ፤ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አደረ። አማርኛ ገና አይችልም፣ ግን ለቅሶ ላይ ምን ያስፈልጋል? ቁጭ ማለት ነው። ቁጭ አለ። ሰልስቱ ሲያልቅ የእድሩ ሰብሳቢ "ይሄ ሰውዬ አባል ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አይደለም።

ዳዊት፦ ለምን አይሆንም?

ሰብለ፦ ደንቡ የወረዳ መታወቂያ ይላል። ደንቡ ሲጻፍ ማን ይህን አሰበው? ከዚያ ክርክር ተነሳ። ገንዘብ ያዡ ጥያቄ አላቸው፣ ጥያቄያቸው ክፉ አይደለም። "ነገ ሦስተኛ አገር ቢሄድስ? ዛሬ ተመዝግቦ በወሩ ሰው ቢሞትበትና ከፍለን ካናዳ ቢገባስ?" ነው የሚሉት። የእድር ገንዘብ የድሃ ገንዘብ ነው፣ መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው።

ዳዊት፦ ግን ለእሱም መመዝገቢያ አለ፣ መጠበቂያ ጊዜ አለ አይደል? ለማንኛውም አዲስ አባል እንዳለው።

ሰብለ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ከእኛ አባላትስ አሜሪካ የሄደ የለም? የእኔው ወንድም ሄዷል፣ መዋጮውን እስከ ዛሬ እኔ እከፍልለታለሁ። ከፒያሳ የተነሱት አባሎቻችን ሁለት ታክሲ ይዘው ነው ለቀብር የሚመጡት። ሰው ሄደ ማለት ከእድር ወጣ ማለት አይደለም። ደግሞ አስበው፣ እግዜር አያድርገውና ነገ እሱ ቤት ሞት ቢደርስ ምን ልናደርግ ነው? ሬሳው ግቢያችን ውስጥ ሆኖ መታወቂያ ልንጠይቅ ነው? ያን ቀን እኮ የእሱ ወገን የምንለው ከእኛ በቀር ማንም የለም። ልቅሶው የማን ይሆናል?

ዳዊት፦ ምን ተወሰነ ታዲያ?

ሰብለ፦ ገና ነው። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ደንቡን ለማሻሻል ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እኔ ያቀረብኩት እንደ እቁብ ይሁን ብዬ ነው፤ የወረዳ መታወቂያ የሌለው በስደተኛ መታወቂያው ይመዝገብ፣ ሁለት ነባር አባላት ዋስ ይሁኑት። ቢቀርም ባይከፍልም እነሱ ይጠየቁ።

ዳዊት፦ ዋሱ ማን ነው?

ሰብለ፦ አንዷ እኔ ነኝ።

ዳዊት፦ ሁለተኛውስ? እኔ እንዳልሆን የእድራችሁ አባል አይደለሁም።

ሰብለ፦ እትዬን ትናንት ጠይቄያቸው ነበር። ሐሙስ ነው፣ እሷ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ወዲያው አልመለሱልኝም። ቶናው ከተቀዳ በኋላ ወደ ልጁ ዞር ብለው "ለእናትህ እንዲህ በላት፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እድሩ ጋ እሄዳለሁ፣ አባትህም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለብሶ ይጠብቀኝ" አሉት።

ዳዊት፦ እና ምን አለች?

ሰብለ፦ ልጁ ተረጎመላት። ምንም አላለችም፣ ተነስታ ስኒያቸውን ሞላችላቸው። እንግዲህ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም እዚያው ነን፤ ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ።

ዳዊት፦ ጀበናው ገንፍሏል፣ አንሺው።